የአረጋሽ ወንድሞች

ባለፈው ሐሙስ የደም ግፊቴን ልለካ ወልቂጤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከላቦራቶሪው ክፍል የቀለም ሽታ መጣ። ደም የተቀባበትን ብርጭቆ የሚነክሩበት፣ በአልኮል የተበጠበጠው ሰማያዊ ቀለም ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ፊቱን ሲያዞር እኔ ሽማግሌው ተነስቼ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ነጭ ጋውን የለበሰች ቀጭን ልጅ «አባባ፣ እዚህ መግባት አይቻልም» አለችኝ። ዕድሜዬን በዚህ ሽታ ውስጥ የጨረስኩ የደም ሐኪም መሆኔን ልነግራት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት፤ ጡረተኛ ራሱን ሲያስተዋውቅ አያምርበትም። የጣቶቿ ጫፎች ሰማያዊ ሆነው ነበር። የእኔም ጣቶች እንደዚያ የነበሩበት ጊዜ አለ፤ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ወልቂጤ።

የዚያን ጊዜዋን ወልቂጤ ከተማ ብሎ ለመጥራት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ገና እየተቆፈረ፣ ካሚዮኖቹ ቀኑን ሙሉ ቀይ አቧራ እያስነሱ ያልፋሉ። አቧራው ከፀጉር አይወጣም፣ ከነጠላ አይወጣም፤ ቆጮ ስንበላ እንኳ በጥርሳችን መሃል ይንቋቋ ነበር። የጣሊያኖቹ ፎርኖ የሚጋግረው ረጅም ዳቦ ሽታው ጠዋት ጠዋት እስከ ገበያው ይደርሳል። አንዱን ዳቦ በስንት ሊሬ እንገዛው እንደነበር ጠፍቶብኛል። የማስታውሰው፣ ገበሬው ሊሬ ሲሰጡት ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አይቶ እንደሚመልሰው፣ ጠገራ ብር ካየ ግን በጓን ከነግልገሏ ነድቶ እንደሚያመጣ ነው። እኔ ሰፊ የካኪ ሱሪ በሲባጎ ታጥቄ፣ ከላይ የአቡጀዲ እጀ ጠባብ ለብሼ፣ ከካሚዮን ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ተጫምቼ ስሄድ ከእኔ በላይ ዘናጭ ያለ አይመስለኝም ነበር። አመሻሽ ላይ ከመኮንኖቹ ቤት የሸክላ ዘፈን ይሰማል፤ ቃሉን ባናውቀውም ዜማውን ውሃ ቀጂዎቹ ሁሉ ያንጎራጉሩታል። ክሊኒኩ የነበረበት ቦታ ዛሬ ጎሚስታ ሆኗል። ባለፍኩ ቁጥር ያንን የጎማ ክምር በክፉ ዓይን አየዋለሁ፤ ጎሚስታውም ምን እንዳደረገኝ አያውቅም።

ሐኪሙን ሁሉም ሰው «ዶቶሬ» ይለው ነበር፤ እኔም በዚሁ ልጥራው። ረጅም፣ ጎባጣ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነው። በአገሩ ደም ብቻ የሚያክም ሐኪም ነበር፤ ወደዚህ የላኩት ግን በመንገድ ሠራተኞቹ ደም ውስጥ ወባ እንዲፈልግ ነው። ከሚሲዮን አባቶች ትንሽ ጣሊያንኛ ቃርሜ ስለነበር አስተርጓሚ አድርጎ ያዘኝ። በሰፈሬ ስሜ ባንዳ ሆነ። ባንዳ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም የሚለውን ዛሬም ከራሴ ጋር ተከራክሬ አልጨረስኩትም። ዶቶሬ ግን ማስተርጎም ብቻ አልበቃው አለና ሥራውን ያስተምረኝ ጀመር። አንድ ጠብታ ደም ብርጭቆ ላይ ጣል አድርጎ በሌላ ብርጭቆ ጠርዝ ወደፊት መግፋት ነው፤ ሲያዩት ዳቦ ላይ ማር ከመቀባት አይከብድም። እኔ ስፈራ ይወፍራል፣ ስቸኩል ይቆራረጣል። «እንደገና» ይለኛል። የምለማመድበት ደም የሚቀዳው ከገዛ ጣቴ ስለነበር ሥራውን ቶሎ ለመልመድ ጥሩ ምክንያት ነበረኝ።

ሲደላው ከወባው ሌላ ያለውንም ያሳየኛል። ደም በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ቀድቶ፣ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ፣ ቱቦውን በየደቂቃው እያዘነበለ እስኪረጋ ይቆጥራል። የጤነኛ ሰው ደም ሁለት ጉራጌዎች ተገናኝተው ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ይረጋል። የማይረጋ ደም እንዳለ፣ እንዲህ ያለ ደም ያላቸው ልጆች በትንሽ ቁስል እንደሚያልቁ፣ በሽታው በቤተሰብ እንደሚወርድ የነገረኝ ያኔ ነው። ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም። እንዴት እንደሚወርድ ግን አልጠየቅኩትም። እኔ የማውቀው መውረድ አንድ ብቻ ነበር፤ ከአባት ወደ ልጅ።

አንድ ታላቅ ወንድም ነበረኝ፤ በርጋ ይባላል። ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ በሚወስደው በኩል የአባታችንን እንሰት ይዞ የቀረው እሱ ነው። ሚስቱ አረጋሽ ከአገና የመጣች ናት። ያን ጊዜ አገና ማለት ለእኛ ሰፈር ከተራራው ማዶ፣ ሌላ አገር ማለት ነው፤ ከወላጆቿ ቤት የምናውቀው የሽማግሌዎቹን ፊትና የጥሎሹን ቀን ብቻ ነበር። ዝምተኛ ሴት ነች፤ እኔን «ዋርሳዬ» ከማለት በቀር በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። የሰባት ዓመት ልጅ ነበራቸው፤ ሳህሌ። በርጋ ይህን ልጅ ሲያይ ፊቱ የሚሆነውን መሆን ዛሬም አየዋለሁ። ልጁ ትከሻው ላይ ተቀምጦ በመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ በጀፎረው ላይ ሲያልፍ፣ ጎረቤቶች «በርጋ፣ ሁለተኛ ራስ አበቀልክ ወይ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

የሳህሌ ጉልበት እንደ ቅል አብጦ አልወርድ ሲል ወደ ዶቶሬ እንዲያመጡት መልእክት ላክሁ። በርጋ የጣሊያን ደጃፍ አልረግጥም አለ፤ ልጁን በበቅሎ አስጭኖ ከእናቱና ከአንድ ጎረቤት ጋር ሰደደው። ሁለት ቀን ሙሉ ተራራውን አቋርጠው መጡ። ዶቶሬ ጉልበቱን ዳሰሰ፣ ክንዱ ላይ ያለውን የበለዘ ቦታ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ደም አልቆም ብሎት የሞተ ወንድ እንዳለ እናቲቱን ጠይቃት አለኝ። ውጭ ካሚዮን ተገልብጦባቸው የመጡ ቁስለኞች ያቃስታሉ። አረጋሽ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ ልጇን አቅፋ ቆማለች።

አልጠየቅኋትም። ሳይጠሩት አቤት ይሏል እኔን ነው። የገዛ ወንድሜ ልጅ፣ የገዛ ቤቴ፣ ምን የሚጠየቅ ነገር አለና? በእኛ አገር የልጅ ቤተሰብ የአባቱ ቤት ነው፤ ሚስት ከሌላ ዘር የመጣች ናት፤ ስለ ዘራችን ከእኔ ይልቅ እሷ ልትመሰክር ነው? ደረቴን ነፍቼ ከበርጋ ጀምሬ ሰባት ቤት ቆጠርኩለት። አንዱ በጦር ወደቀ፣ አንዱን ጅብ በላው፣ የቀሩት ጥርሳቸው እስኪረግፍ ኖረው በእርጅና ሞቱ፤ ደም ፈስሶት የሞተ አንድም የለም አልኩ። ዶቶሬ ስሞቹ ስለበዙበት ፈገግ አለ። ያቺን ቱቦ አላነሳትም። የለም ካልኩ፣ የምት እብጠት ነው ማለት ነው፤ ልጁ ወድቆ ይሆናል። ጉልበቱን አስሮለት ወደ ቁስለኞቹ ሄደ። ብዙ ዓመት በሽተኛ ካየሁ በኋላ ሳስበው አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ያን ቀን አስተርጓሚዬን አምነው ነበር። ስሸኛቸው አረጋሽ ዶቶሬው ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ምንም የለበትም ብሏል፣ ዘራችን ንጹሕ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ላይ የሆነ ሸክም ሲወርድ አይቻለሁ፤ የልጁ መዳን ያስደሰታት ነው የመሰለኝ።

መስቀል አለፈ። በእኛ ቤት ወንድ ልጅ የሚገረዘው መስቀል አልፎ፣ የከረመው ቅቤ ሳያልቅ፣ ልጁም ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ዝም የሚልበት ዕድሜ ሲደርስ ነው። አረጋሽ አንድ ዓመት ይቆይ ብላ እንደለመነች፣ በርጋም ልጄን ፈሪ ልታደርጊው ነው ብሎ እንደተቆጣ ኋላ ሰማሁ። ሳህሌ ቀና ብሎ ቆሞ ተገረዘ፤ አላለቀሰም። ሴቶቹ እልል አሉ። እስከ ማታ ደሙ አልቆመም። ቅጠል ቀጠቀጡበት፣ አመድ ነሰነሱበት፣ ገራዡን ዓይንህ ክፉ ነው ብለው አባረሩት። በሦስተኛው ቀን ስምንት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞት ተራራውን ጀመረ። ሰዎቹ እየተፈራረቁ እየሮጡ እንደመጡ፣ አረጋሽም ከቃሬዛው እጇን ሳትለቅ አብራ እንደሮጠች ተሸካሚዎቹ ነገሩኝ። በርጋ በዚህ ጊዜ አብሮ መጣ። የክሊኒኩ አጥር ጋ ሲደርስ ግን ቆመ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለ።

ዶቶሬ ልጁን ሲያየው ምንም አልጠየቀም። ቱቦዋን አነሳ። ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ ማዘንበል ጀመረ፤ አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ደሙ እንደ ውሃ ወዲያና ወዲህ ይላል። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ቱቦዋን አስቀመጠና ነጭ ሳህን አምጥቶ የእኔንና የልጁን ደም ቀላቅሎ አየ። ተስማማን። ከክንዴ በትልቁ መርፌ እየቀዳ ለሳህሌ ሰጠው፤ ራሴን ሲያዞረኝ ግድግዳ ተደግፌ ጨምር አልኩት። የልጁ ከንፈር ቀላ። ዓይኑን ገልጦ አይብ አማረኝ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ወሬ የለም። ከዚያ ዶቶሬ እጁን እየታጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ቀስ ብሎ «የእናቱን ወንድሞች ጠይቃት» አለኝ።

ለምን እንዳለኝ ገና ሳይገባኝ ጠየቅኋት።

«ሦስት ነበሩ» አለች። «ታላቁ ሲገረዝ። ሁለተኛው ጥርሱ ሲነቀል። ትንሹ ወድቆ ሆዱ አብጦ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽኝ፣ እትዬ አረጋሽ?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ዋርሳዬ? ስትናገር ሰማሁ። ንግግሩ የፈረንጅ ቢሆንም የአማቴን የአባቶቹን ስም አውቀዋለሁ። የጠየቀው የናንተን ዘር መሰለኝ። የኔ ምን ያደርግለታል?» ልጇን አየችው። «ልቤ ፈርቶ ነበር። ዶቶሬው ምንም የለበትም ብሏል ስትለኝ ነው ያረፍኩት።»

ይህን ለዶቶሬ ማስተርጎም ነበረብኝ። ቃል በቃል አስተረጎምኩት፤ በሕይወቴ ያንን ያህል የተጠነቀቅኩለት ንግግር የለም። ዶቶሬ አልተቆጣኝም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና በሽታው በእናት በኩል እንደሚመጣ፣ እናትየዋን ሳይነካ ወንዶች ልጆቿ ላይ እንደሚወጣ፣ ከሚወለዱት ወንዶች አንዱ ቢያዝ ሌላው ሊተርፍ እንደሚችል አስረዳኝ፤ እኔም ለእሷ ነገርኳት። ሳህሌ በማግስቱ እንደገና መድማት ጀመረ። ሁለተኛ ከእኔ ለመቅዳት ዶቶሬ እምቢ አለ፤ ከአንድ ወታደር ቀዳ፣ አልበቃም። ማክሰኞ ዕለት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ እግሩ ላይ እያለች፣ አለፈ። ስንሸፍነው እንደ ሕፃን ቀልሎ ነበር። የእኔ ደም ከውስጡ ሳይወጣ ነው የተቀበረው። ይህን የምጽፈው ሰባ ዓመት ሞልቶኝ ነው።

ወደ በርጋ ከመውጣታችን በፊት አረጋሽ እጄን ያዘች። ይዛኝ አታውቅም። ከኋላዋ ሁለት ያላገቡ እህቶች እንዳሏት፣ የዚያ ቤት ደም አይረጋም ከተባለ ማንም እንደማያገባቸው፣ እሷንም በርጋ እንደሚመልሳት ነግራኝ፣ ከእናቷ በኩል የመጣውን ነገር እንዳልነግረው አስማለችኝ። ማልኩላት። በርጋ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ዶቶሬው ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ዶቶሬውም አላወቀውም አልኩት። ለእሷ ስል የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ለራሴም ነበር፤ እውነቱን ካወጣሁ ሳይጠየቅ የመለሰው ማን እንደሆነ ይወጣ ነበርና። በርጋ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ «አንተ ምንም የለበትም ባትለን ኖሮ» ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ አረጋሽ አባቷ ሞቶ ለለቅሶ አገና ሄደች። ስትሄድ ነፍሰ ጡር ነበረች። አልተመለሰችም። በርጋ ሽማግሌ ላከ፤ እምቢ አለች። ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ከፍ ሲል በርጋ ልጄን አምጪ ብሎ እንደገና ሽማግሌ ላከ፤ በአገራችን ወንድ ልጅ የአባቱ ነው፣ ይህን የሚከለክል ዳኛ የለም። እሷም በሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ ልጁ የበርጋ አይደለም፣ ካንድ ነጋዴ የወለድኩት ነው አለች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ሸፍነው ተመለሱ። አገሩ ሁሉ ሰማ። በርጋ ሌላ ሚስት አገባ፤ ልጅ አልወለደችለትም። ያ በትከሻው ልጅ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ከዚያ በኋላ ጀፎረው ላይ ሲያልፍ መሬት መሬት እያየ ነበር። ለምን እንደዋሸች የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ልጁን ከሰጠችው ያስገርዘዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ አንዴ ያለችውን መመለስ አልቻለችም፤ እኔም አንዴ የዋጥኩትን ማውጣት አቃተኝ።

ጣሊያን ሲወጣ ዶቶሬም ምርኮኛ ሆኖ ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም። እኔ ድሬሰር ሆንኩ፣ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ከእኔ በአስር ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጬ ተማርኩ፣ በመጨረሻም ውጭ አገር ልከውኝ ሐኪም ሆንኩ። ምን ትመርጣለህ ሲሉኝ ደም አልኩ። እዚያ አንድ መምህር የማይረጋ ደም ያለበትን ቤተሰብ በሰሌዳ ላይ ይስል ነበር፤ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ። መስመሩ ከአራት ማዕዘን ወደ ክብ፣ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ሲሄድ ሳይ የቆጠርኳቸው ሰባት ቤቶች ትዝ አሉኝ። አንዲት ክብ አልነበረባቸውም። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ብርድ ነው የመታኝ ብዬ ለጓደኞቼ ነገርኩ። ከተመለስኩም በኋላ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያን ልጅ ሄጄ አላየሁትም። ሥራ በዛብኝ እል ነበር። ለሌላው ሰው የእናትህ ወንድሞች እንዴት ሞቱ እያልኩ ስጠይቅ እየዋልኩ፣ አገናን ግን በሩቁ እዞራት ነበር።

በርጋ ሲሞት ነው የሄድኩት፤ አርባው በወጣ በማግስቱ። አረጋሽ አርጅታ፣ ግን ቀጥ ብላ ጓሮዋ ውስጥ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። ልጇ ዋሴ ይባላል፤ ቁርጥ በርጋን ነው፣ ሳየው ቆምኩ። እናቱ እንደ እንቁላል ነው ያሳደገችው። ዛፍ አልወጣም፣ በቅሎ አልጋለበም፣ አልተገረዘም። በመስቀል በሬ ሲታረድ ቢላ ጨብጦ የማያውቅ የጉራጌ ወንድ አስቡት፤ ሥጋውን እናቱ ከትፋ የምትሰጠው። ላልተገረዘ ሰው ልጁን የሚሰጥ ስላልነበረ አላገባም። ደሙን ልመርምርለት ብዬ ለመንኳትና አዲስ አበባ ወሰድኩት። ምርመራውን በራሴ እጅ ሠራሁት፤ አንዴ ሠርቼ አላመንኩም፣ ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ይዤው ተመለስኩ። አረጋሽ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ዋሴን ወደ ውስጥ ላከችው።

«ደሙ እንዴት ነው?»

«ጤነኛ ነው» አልኳት። «ሲወለድም ጤነኛ ነበር።»

«እሰይ» አለች። ሁለት ጊዜ አለችው። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «እህቶቼ ካገቡ በኋላ ነግረኸዋል አይደል?» አለችኝ። «ልጁ የሱ እንደሆነ። ለበርጋ። እኔ እንደነገርከው ነው የማስበው። በሆዱ ያውቃል፣ ለሰው አይናገርም እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ሁለቱም እህቶቿ ካገቡ ቆይተዋል። መሃላው ከተፈታ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን አንድም ቀን መጥቼ ልንገረው ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም።

«አልነገርኩትም» አልኳት።

ተነስታ ገባች። ደህና ሁን አላለችኝም። ዋሴ ቦርሳዬን ይዞ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ፤ ልጁ ደስ ብሎታል፣ አሁን ቢላ መያዝ እችላለሁ ማለት ነው እያለ ይስቃል። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሰው ይጠብቃል። ቦርሳውን ሲያቀብለኝ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የደከሙልኝ ለእናቴ ምኗ ሆነው ነው?» አለኝ።

«የአባትህ ወንድም ነኝ» አልኩት።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ነጋዴው ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ ፊቴን ብቻ አየ፤ ምናልባት የራሱን ፊት አይቶበት ይሆናል።

«በሕይወት አለ?» አለኝ።

የአባቱ አርባ ከወጣ አስራ ስድስተኛ ቀኑ ነበር።